ለዳዊት፦ ነጩ ነጠብጣብ ለምን ተመልሶ ይመጣል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳዊት፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስንት ዓመት ተጠፋፍተን መልእክትህ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ በቃል አልገልጸውም። የናፈቀንን ወሬ ግን ለሚቀጥለው ደብዳቤ ላቆየውና ወደ ዓሦችህ ልግባ፤ ዓሣ ከታመመ ፋታ አይሰጥም።

የጻፍክልኝ ሦስት ነገር ነው። በቤትህ ገንዳ ባሉት ዓሦች ላይ የሚወጣው ነጭ ነጠብጣብ መድኃኒት ባደረግህ በሦስተኛው ቀን ጠፍቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። አንዷ ሞሊ ዓሣ አፏ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቶባታል። ኤንጅልፊሹ ደግሞ እየበላ ይከሳል፣ ዓይነ ምድሩም ነጭ ክር ሆኗል። ዳዊት፣ እነዚህ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ ለማከም ስትሞክር ነው የቆየኸው፤ ከዚህም በላይ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ሊገድለው ይችላል።

መድኃኒት ከመንካትህ በፊት ውሃውን መርምር። በወረቀት ከሚሠራው ይልቅ በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ ይታመናል። ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ 0፣ እሱ ተለውጦ የሚሆነው ናይትራይት 0፣ ቀጥሎ የሚመጣው ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። አሞኒያ ካገኘህ ፒኤቹንም (የውሃውን ኮምጣጣነት የሚለካውን ቁጥር) እይ፦ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ ፒኤች 8 ላይ ግን ወደ 5 በመቶ ይደርሳል። ስንጥቡ በአሞኒያ የተቃጠለ ዓሣ ውሃው እስካልተስተካከለ ድረስ የቱንም ያህል መድኃኒት ቢሰጠው አይድንም፤ ቢድንም በሳምንቱ ይመለስበታል። ቁጥሩ ከተዛባ በየቀኑ ከሩብ እስከ ሲሶ ውሃ ቀይር። የቧንቧውን ውሃ በሰፊ ባልዲ አየር እየነፋህበት 24 ሰዓት ካቆየኸው ክሎሪኑ ይወጣል። የማጣሪያውን ስፖንጅ ደግሞ በቧንቧ ውሃ አትጠበው፤ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። አሞኒያውን የሚበሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያሉት እዚያው ስፖንጅ ላይ ነው።

ቀጥሎ የውሃህን መጠን በትክክል እወቅ። ገንዳዬ 80 በ35 በ40 ነው ብለሃል። ውሃው 36 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከሆነ 80 በ35 በ36 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 100 ሊትር ገደማ ይመጣል። ጠጠሩና ድንጋዩ አሥር ሊትር ያህል ቢይዝ ትክክለኛው ውሃ 90 ሊትር ነው። ሻጩ «የ120 ሊትር ገንዳ» ስላለህ ብቻ ለ120 ሊትር የሚሆን ከጨመርክ መድኃኒቱ ከልኩ በሲሶ ይበልጣል።

አሁን ወደ ነጠብጣቡ። ኢክ የሚባለው ይህ ጥገኛ ተሕዋስ የስኳር ቅንጣት መስሎ ስታየው ከዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጓል፤ እዚያ ሳለ መድኃኒት አያገኘውም። ጠግቦ ሲያበቃ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ጠጠር ላይ ወይም ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ ራሱን በሽፋን ከልሎ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከአንድ ሺህ በላይ ሆኖ ይከፋፈላል። በዚያን ጊዜም መድኃኒቱ አይደርስበትም። መድኃኒት የሚገድለው ከሽፋኑ ወጥተው ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙትን ልጆቹን ብቻ ነው፤ እነሱም በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ነጠብጣቡ የጠፋው ተሕዋሱ ስለሞተ አይደለም፤ ሊራባ ወደ ጠጠሩ ስለወረደ ነው። አንተ መድኃኒቱን ያቋረጥከው ልክ ሊሠራ በሚችልበት ሰዓት ነው።

ይህ ዑደት በሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ከ3 እስከ 6 ቀን ይፈጃል፤ በ15 ዲግሪ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ቤት ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ከቆመ፣ ዑደቱ ይጎተታል፤ የሙቀቱ መዋዠቅም የዓሣውን መከላከያ ያዳክማል። ስለዚህ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ እንዲሁም የመጨረሻዋ ነጠብጣብ ከጠፋች በኋላ አንድ ሙሉ ሳምንት ይቀጥል።

ብዙ ሰው ሙቀቱን ወደ 30 ዲግሪ አድርስ ይልሃል። ኢክ ብቻ ቢሆን፣ ሙቀት የሚችሉ ዓሦችም ቢሆኑ፣ ጥሩ ምክር ነው። ባንተ ገንዳ ግን አታድርገው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው የሞሊዋ አፍ ነው፤ እሱን እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ያው ውሃ 6 እንኳ አይሞላም። ስንጥቡ በኢክ ለተጎዳ ዓሣ ይህ ልዩነት የሞት የሽረት ነው። በቆላ አገር ሰው የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርህም።

ባንተ ገንዳ የሚሻለው 25 ዲግሪ ላይ አጽንተህ ጨው መጠቀም ነው። በሊትር 2 ግራም ሒሳብ ለ90 ሊትር 180 ግራም ይሆናል። በኩሽና ሚዛን መዝነው፤ ማንኪያ እንደ ጨው ዓይነቱ ይዋሻል። ከሦስት ከፍለህ በየ12 ሰዓቱ አንዱን በባልዲ ውሃ አሟሟና ቀስ ብለህ አፍስስ። ተራው የወጥ ጨው ይሆናል፤ አዮዲኑ በዚህ መጠን ዓሣ አይጎዳም፣ ቅመም የገባበት ብቻ አይሁን። ጨው እንደማይተን አትርሳ። 30 ሊትር ቀይረህ አዲስ ውሃ ስትጨምር የምትመልሰው 60 ግራም ብቻ ነው፤ ውሃው ተንኖ ስለጎደለ ከሞላኸው ግን ምንም ጨው አትጨምር። ኮሪዶራስ የሚባለው ዓሣ ካለህ በሊትር ከ1 ግራም አትለፍ፤ አንዳንድ ተክሎችም ይጠወልጋሉ። በየሁለት ቀኑ ደግሞ ጠጠሩን በቱቦ እየሳብክ አጽዳ፤ ተጣብቆ የሚራባውን ከነሽፋኑ የምታወጣው እንዲህ ነው።

ነጠብጣቡ ከበዛ ፎርማሊንና ማላካይት ግሪን ያለበትን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምር። በማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ አስቀድመህ አውጣ፣ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ፎርማሊን የውሃውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ከታየ ጣለው፤ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ሆኗል። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት፤ በዚህ የታከመ ዓሣም በፍጹም አይበላም።

ሞሊዋን ዛሬውኑ ለይ። አፏ ላይ ያለው ፈንገስ ይመስላል እንጂ እኔ የምጠረጥረው ኮላምናሪስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። እውነተኛው ፈንገስ ረዘም ያለ፣ የተበተነ ክር አለው፤ ቁስል ላይ ይበቅላል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል። ኮላምናሪስ ግን ወደ ግራጫ የሚያደላ ጠፍጣፋ ሽፋን ነው፤ ከንፈር ይበላል፣ አንዳንዴ ጀርባ ላይ እንደ ኮርቻ ይዘረጋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ሊገድል ይችላል። ሙቀት ይስማማዋል። ለኢክ ብለህ 30 ዲግሪ ብታደርስ ለኮላምናሪስ መንገድ ትከፍትለታለህ።

ለብቻዋ 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ፕላስቲክ ገንዳ ይበቃታል፦ ጠጠር የሌለው፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ማጣሪያና መደበቂያ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ያለው። ሙቀቱ 24 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨዉ በሊትር 2 ግራም ይሁን። የምትበላ ከሆነ በመኖ የሚሰጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ፤ የተለመደው መጠን በቀን ለ1 ኪሎ ዓሣ 75 ሚሊ ግራም ያህል፣ ለ10 ቀን ነው። ዱቄቱ ላይ 20 በመቶ የሚል ከተጻፈ 1 ግራሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት 200 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ መበጥበጡ ብዙ አያዋጣም፤ ጠጣር ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዙታል፣ ብርሃንም ያበላሸዋል። መብላት ካቆመች ናይትሮፉራዞን ወይም ካናማይሲን በውሃ ይሰጣል።

ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ካፕሱል ፈትቶ ገንዳ ላይ መበተኑን ግን እባክህ ተው። ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖር ዓሣ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ውስጡ እምብዛም አይገባም። ዓሣ ላይ የሚበዙትን ባክቴሪያዎችም ብዙውን ጊዜ አይችላቸውም፤ የማጣሪያህን ባክቴሪያ ሊጎዳና መድኃኒት የለመደ ዘር ሊተውልህ ግን ይችላል።

ኤንጅልፊሹ የአንጀት ጥገኛ ሳይኖርበት አይቀርም። ሜትሮኒዳዞል ይሠራለታል፦ አንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም ኪኒን አድቅቀህ ከ25 ግራም መኖ ጋር በጥቂት የሟሟ ጀላቲን ለውስ፣ ፍሪጅ ውስጥ አቆየው፣ 5 ቀን አብላው። የማይበላ ከሆነ ለይተህ 250 ሚሊ ግራሙን ለ38 ሊትር ውሃ ሒሳብ በቀን አንድ ጊዜ ለ3 ቀን ስጥ፤ ከየመጠኑ በፊት ሩቡን ውሃ ቀይር። ኪኒኑ በቀላሉ ስለማይሟሟ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አንድ እያለ በወራት ልዩነት ዓሣ ከከሳ፣ ጀርባው ከጎበጠ፣ ቁስሉ አልድን ካለ የዓሣ ቲቢን አስብ። አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። ለሰውም በእጅ ላይ ባለ ቁስል ይተላለፋልና እጅህ ላይ ጭረት ካለ ያለጓንት ገንዳው ውስጥ አትግባ። ከሳምንታት በኋላ ጣትህ ወይም ክንድህ ላይ የማይድን እብጠት ካየህ ለሐኪሙ ዓሣ እንደምታረባ ንገረው፤ ይህ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ የሚያድገው ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ስለሆነ ካልተነገራቸው ሊያመልጣቸው ይችላል። በረኪና ለመረብና ለባልዲ ለሌሎች በሽታዎች ጥሩ ቢሆንም ይህኛው ይቋቋመዋል፤ 70 በመቶ አልኮል ተጠቀም።

የማይድነውን ዓሣ ማሠቃየት የለብህም። የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ለብ ካለ ውሃ ጋር ወተት እስኪመስል በጥብጠህ ዓሣው ለብቻው ባለበት ዕቃ ውስጥ ጨምር፤ ለ1 ሊትር 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። የስንጥቡ እንቅስቃሴ ከቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ እዚያው ይቆይ።

አዲስ ዓሣ ከገዛህ አራት ሳምንት ለብቻው አቆየው። የራሱ መረብ ይኑረው፤ እርጥብ መረብ ኢክን ከገንዳ ወደ ገንዳ ያሻግራል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ግዛ፤ መብራት ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ ማሞቂያው ከመቅረቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ የማጣሪያው ባክቴሪያ አየር አጥቶ መሞቱ ነው።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ያለበት ከተማ ስለሆነ እዚያ ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ካገኘህ ከዓሣው ቆዳ ላይ ልሃጭ በመስታወት ጠርገህ አሳየው። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ኒውክሊየስ ይዞ የሚሽከረከር ክብ ነገር ከታየ ኢክ ነው፤ ጥርጣሬው እዚያ ያበቃል።

የአሞኒያውን፣ የናይትራይቱንና የፒኤቹን ቁጥር፣ የሞሊዋንም አፍ በቀን ብርሃን የተነሳ ፎቶ ዛሬ ማታ ላክልኝ፤ ጨዉን ዛሬ ጀምር፣ ሌላውን ከእኔ ሳትሰማ አትጨምር። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ