ውሻችንን እናስከትብ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቀይ ቀበሮ መመናመን ሲወራ ሁሌ አዳኝና ጠመንጃ ነው የሚታየን። እውነቱ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ 500 እንኳ አይሞሉም፤ ክፉኛ የሚፈጃቸው ደግሞ እረኛ ተከትሎ ተራራ የሚወጣው ያልተከተበ የእኛው ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ጨረሰ። በዚያ ላይ እርሻው ሽቅብ እየወጣ አይጥ የሚያድኑበትን ሜዳ ይወስድባቸዋል። ወዴት ይሂዱ? ከተራራው በላይ ሰማይ ነው ያለው!

የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር፣ ቄሮ በሚሉት ነባር የአካባቢው የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በጊዜው ብቻ እየከፈተ ጠብቆ አቆይቶታል። ቀበሮውም እዚያ አለ። እባካችሁ የወረዳ እንስሳት ሐኪሞች፣ ክትባቱን ደጋ ላለው ገበሬ ቤቱ ድረስ አድርሱለት። ውሻ ያላችሁም ሐኪሙ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ይዛችሁት ሂዱ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን