እማዬ ወደ ጓሮ የወጣች ቀን

የኔ እህት፣

እንዴት ነሽ? አራት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ እንዴት ነሽ ማለት ይከብዳል። ለእናትሽ ለቅሶ ሳልመጣ ቀረሁ። ከዚያ ለመደወል አፈርኩ። እያፈርኩ ወሩም ዓመቱም አለፈ። ይቅር በዪኝ፤ ምክንያት አልደረድርም። ስንገናኝ በደንብ እናወራዋለን። አሁን ግን አንድ ጭንቅ ይዞኛል፤ ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ወለድኩ። ሴት ናት፣ ዛሬ 19 ቀኗ። ስትተኛ ግንባሯን ቋጠር ታደርጋለች፤ አንቺ የማታ ማታ ስታጠኚ እንደምታደርጊው፣ ልክ እንደዚያ።

እማዬ ልታርሰኝ ከገጠር መጥታለች። ቅቤውን፣ ማሩን፣ የገብሱን ዱቄት ሁሉ ይዛ። ሌሊት ልጅቷ ስታለቅስ ከኔ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ማታ እግሬን በቅቤ እያሸች፣ «ስምንት ቀኗ እኮ አለፈ። ከክርስትናዋ በፊት ይሁን፤ የምታውቅ ሴት አግኝቻለሁ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ልጄን ልታስገርዝ መሆኑ ሲገባኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

አንቺን ያስታወስኩሽ ያን ጊዜ ነው። ዶርም ውስጥ ላይኛው አልጋ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ሻይሽ በእጅሽ እየቀዘቀዘ፣ ያን የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፊ የሄሮዶቱስን ታሪክ ስትነግሪን። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ግሪኮቹን ጠርቶ «የሞቱ አባቶቻችሁን ለመብላት ስንት ይከፈላችሁ?» አላቸው። ምንም ቢሰጠን አናደርገውም አሉ። አባቶቻቸውን የሚበሉትን የህንድ ሰዎች ደግሞ «እንደ ግሪኮቹ በእሳት ለማቃጠልስ?» ሲላቸው ጮኹበት። አንቺም «አያችሁ፣ ትክክል የሚባል የለም፤ ያለው የየአገሩ ልማድ ነው» ትዪ ነበር። ሁሌም ካንቺ ጋር ነበርኩ። ሰው ከሩቅ መጥቶ ወግ ልማዳችንን ኋላ ቀር ሲል ያንገበግበኝ ነበር። አሁንም ያንገበግበኛል።

እማዬም የምትለው ያንቺኑ ነው። «ባህላችን ነው። ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች፣ ባል አታገኝም። አንቺንም አስገርዣለሁ፤ ምን ጎደለብሽ?» እማዬን ፊት ለፊት እያየሁ ምን ልበል? ሕግ ይከለክላል አልኳት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 565፣ ከሦስት ወር የማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ። «ሕጉ ትናንት መጣ፤ እኛ ከጥንት አለን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገሩን ክፉ ያደረገው ሕጉ አይደለም። የ1949ኙ ሕግ እኮ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር። ታዲያ ያኔ ጠለፋ ልክ ነበር? አንቺስ አፍሽን ሞልተሽ «ያኔ ልክ ነበር» ትያለሽ?

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጡት እያጠባሁ ካንቺ ጋር ብቻዬን እከራከራለሁ። ግርዛትን የታገለችውን ቦጋለች ገብሬን አስቢያት። ከምባታ የተወለደች፣ እሷ ራሷ የተገረዘች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራዋን ስትጀምር የአካባቢው ልማድ ግርዛት ነበር። ትክክል ማለት አካባቢው የተስማማበት ብቻ ከሆነ፣ ያን ቀን ስህተተኛዋ እሷ ነበረች ማለት ነው። ይህን መቀበል አልቻልኩም። እሷ ደግሞ ሕዝቧን አልሰደበችም። ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ አስቀምጣ እንዲወያዩ አደረገች፤ በራሳቸው አፍ ይቅር እስኪሉ። በ2012 ዓ.ም. ስታርፍ ሴቶቹ ሲያለቅሱላት የከምባታ ልጆች መሆናቸውን አልተዉም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 75ቱ የተገረዙ ናቸው፤ ከ15 እስከ 19 ካሉት 47ቱ። ያ ሁሉ ቤተሰብ ባህሉን የጣለ አይመስለኝም። ምላጩን ነው የጣለው።

ዳርዮስንም ደግሜ አሰብኩት። ሁለቱም ወገን የፈለገው አባቱን ማክበር ነው። የተለያዩት በአከባበሩ ነው። ደግሞ የሞተ አባት አይጮህም፤ ልጄ ግን ትጮሃለች።

እሁድ ዕለት ቡና እያፈላች ሳለ ድንገት ጠየቅኳት። «እማ፣ እኔን ሲገርዙኝ ማን ያዘኝ?» ዝም አለች። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረደች፣ መልሳ ጣደችው። «አክስትሽ ናት የያዘችሽ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጌሾው ሥር ቁጭ ብዬ ጆሮዬን በነጠላዬ ደፈንኩ። ዝም ስትዪ ገባሁ።» «ለምን ወጣሽ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ሲኒዎቹን ታጥበው የነበሩትን እንደገና አጠበቻቸው።

የኔ እህት፣ ያን ቀን እማዬን ወደ ጓሮ ያስወጣት ምንድን ነው? ፈረንጅ አልነገራት፣ ሲቪክስ አልተማረች። ባህሉ ግቢ፣ ያዢያት ነው ያላት። እሷ ግን ያወቀችው ነገር ነበር። እኔ እንዲህ ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ያ ነገር ጎጃምም ይሁን ግሪክ አገር አንድ ነው። ልማድ ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ልክ ነኝ? ከተሳሳትኩ ንገሪኝ፤ ግን መጥተሽ፣ ልጅቷን ታቅፈሽ ንገሪኝ።

ይኸው ደግሞ ወደ ለቅሶው ተመለስኩ። ለቅሶ መድረስ ወግ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላመመኝ። እናትሽ ሞታ ብቻሽን ተቀምጠሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ አውቃለሁ። ከዚህ በላይ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

እማዬ እስካሁን እሺም እምቢም አላለች። «እስቲ እናያለን» ብቻ። ባሌ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ይወጣል፤ እሱንም ተቀይሜዋለሁ። ማታ የልጅቷን መታቀፊያ ጫፍ ከእጄ ጋር አስሬ ነው የምተኛው። የገዛ እናቴን እየጠበቅኩ መተኛት ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም።

ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። የክርስትና እናቷ አንቺ ሁኚልኝ። ግን እስከዚያ አትቆዪ፤ ቢቻልሽ በዚህ ሳምንት ነዪ። እማዬ ዛሬም «ያቺ ቀጭኗ ልጄ የት ጠፋች?» እያለች ትጠይቀኛለች። አንቺ ስትነግሪያት ትሰማለች። ስልኬ ያው የድሮው ነው። በሌሊትም ቢሆን ደውዪ፤ ነቅቻለሁ።