ጨው የሚጎዳው በጥም ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ጨዋማ መሬት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ጨው ሰብልን የሚጎዳው በውሃ ጥም ብቻ አስመስሎታል። ጥሙማ አለ፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉም እንደ ፕሮሊን (አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ) ያሉ ነገሮችን ሴሎቹ ውስጥ አከማችቶ ውሃውን ወደ ራሱ ለመጎተት ይታገላል።

ትልቁ ጣጣ ግን ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። ተክሉ የሚፈልገውን ምግብ፣ ፖታሲየምን፣ ስለሚመስል በእሱ በር ሾልኮ ይገባል። ስንዴ በተቻለው መጠን ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ሥሩ ላይ ያስቀረዋል። ገብስ ደግሞ ብዙውን አሳልፎ በቅጠሉ ሴሎች ውስጥ ባለ ከረጢት ይቆልፍበታል። ለከብት መኖ የሚዘራው ሮደስ ሳር ጭራሽ በቅጠሉ በኩል ያስወጣዋል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ቅንጣት ይደርቃል። በጣቴ ጠርጌ ቀምሼዋለሁ፣ ጨው ነው!

ይህ ሁሉ ጉልበት ይፈጃል፤ ምርቱም ይቀንሳል። «ጨው የሚችል ዘር» ማለት ጨው የማይነካው ማለት አይደለም። ገብስ እንኳ ገና ሲበቅል ስስ ነው። ቦሎቄማ በትንሹም እጅ ይሰጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው የአሮጌ ቅጠል ጫፍ ነው። ይህን ውሃ የጠማው መስሎት በዚያው ጨዋማ ውሃ ደግሞ የሚያጠጣው ሰው ብዙ ነው። እስቲ በሚቀጥለው እትም አንሡት።