የርዕሰ መምህሩ ጭንቀት በር ላይ ለቆመው ወላጅም ይተርፋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትምህርት ቤቶች የአዲሱን ዓመት ምዝገባ በሚጀምሩበት ሰሞን፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ መማሪያ ክፍል ጥበትና ስለ መምህራን ዝውውር ብዙ ይጻፋል። ትምህርት ቤቱን ስለሚመራው ሰው የአእምሮ ሁኔታ ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ በባሕር ዳር ከተማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የኃላፊ ውጥረት እንደ ግል ገመና መታየቱ ነው። የተወጠረ ኃላፊ ጭንቀቱን ብቻውን ይዞት አይቀርም፤ ለምክትሉ፣ ለመምህሩ፣ በመጨረሻም ጉዳይ ለማስፈጸም በር ላይ ለቆመው ወላጅ ያካፍለዋል።

የምዝገባ ሰሞን አንዱን ረፋድ እንውሰድ። የቴሌግራሙ ቡድን «የተመዝጋቢዎች ቁጥር በጾታና በክፍል ተለይቶ እስከ 6 ሰዓት በአስቸኳይ ይላክ» ይላል። አንድ መምህር ለቅሶ ሊሄድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጸሐፊዋ ማኅተም የሚጠብቁ ወረቀቶችን ደርድራለች። ከጠረጴዛው ፊት የቆሙት እናት ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ልጃቸውን ይዘው ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ልጁ መሸኛም የክፍል ውጤት ማስረጃም የለውም። የኃላፊው ጆሮ እናትየው ዘንድ ነው፤ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ፣ ልቡም ከሰዓት በኋላ በሚጠብቀው ስብሰባ ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚለው መልስ ከአፉ የሚወጣው መመሪያውን መርምሮ አይደለም፤ በሩ ቶሎ እንዲዘጋለት ፈልጎ ነው። እናትየዋም ከነልጃቸው ይመለሳሉ፤ መመሪያው መፍትሔ ይኑረው አይኑረው ያጣራ ሰው ግን የለም።

በላዩ ላይ ደግሞ የፈተናው ጉዳይ አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በውጤቱ የሚጠየቀው በቀዳሚነት ርዕሰ መምህሩ ሆኗል። የተጠያቂነቱን አስፈላጊነት አልቃወምም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ «ስንት ታሳልፋለህ?» እየተባለ የሚኖር ሰው ሰውነቱ የሚኖረው እንደ አደጋ ጊዜ ነው፤ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉት የውጥረት ሆርሞኖች በደሙ ውስጥ ደጋግመው ከፍ ይላሉ፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ትዕግሥት ያጥራል፣ ያነበቡትን መልሶ ማንበብ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ዓይነቱን በሥራ መዛል በበሽታዎች ምደባ ሰነዱ ላይ ሲያሰፍረው በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የዘወትር የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ነገር አድርጎ ነው የገለጸው። ሦስት ምልክቶችንም አስቀምጦለታል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን በምሬት መመልከት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ። እንደ እኔ ለባለጉዳይ ከሁሉም የከፋው ሁለተኛው ነው፤ ምሬት የገባበት ኃላፊ ሰውን እንደ ሸክም ማየት ይጀምራልና።

በውጭው ዓለም ማይንድፉልነስ በሚል ስም የሚታወቀው የጥሞና ልምምድ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ልምምዱን ወደ ሕክምና ያስገቡት ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው በመድኃኒት አልሻር ላላቸው ሰዎች ሥልጠና በማዘጋጀት ጀመሩት። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ አሁን እየሆነ ያለውን ነገር፣ ትንፋሽን፣ የሰውነትን ስሜት፣ የሚመጣውን ሐሳብ፣ ሳይፈርዱና ሳያባርሩ ሆን ብሎ ማስተዋል፤ ልብ ሲሸፍትም ሳይቆጡ መልሶ ማምጣት። ተአምር እንደሚሠራ አድርገው የሚሸጡት ሰዎች ግን ያበላሹታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ 47 ጥናቶችንና 3,515 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ የዚህ ዓይነት ልምምዶች ጭንቀትን፣ ድባቴንና የሕመም ስሜትን በመጠኑ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። እንደ ስፖርት ካሉ ሌሎች መንገዶች ይበልጣሉ የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። ለእኔ «በመጠኑ» የሚለው በቂ ነው፤ ያን ረፋድ እናትየዋን አስቀምጦ ለማነጋገር የሚያስፈልገው ትዕግሥት ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

በሥራ ላይ እንዴት እንደሚደረግ ልናገር። ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት ስልኩን ፊቱን ደፍቼ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሁለቱንም እግሮቼን ወለሉ ላይ አሳርፌ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ሲነካው እያስተዋልሁ ሦስት ጊዜ እተነፍሳለሁ፤ አየሩን ሳስወጣ ከማስገባቱ ረዘም አደርገዋለሁ። ቀስ ብሎ ማስወጣት የልብ ምትን የሚያረጋጋውን የነርቭ ክፍል ያነቃቃል። ጸሐፊዋ እንኳ ምን እንደማደርግ አታውቅም። ቁጣ ሲመጣ ደግሞ «ደረቴ ጠበበ፤ ፊቴ ጋለ» ብዬ በልቤ መናገር ብቻውን መልሱን ለአፍታ ያዘገየዋል። ማታ ማታ፣ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ከዘንባባዎቹ ሥር በጣና ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ስልክ ሳይነኩ፣ የእግርን ርምጃ እያስተዋሉ መሄድም ያው ልምምድ ነው። እየሄዱ ስለ ነገ ሪፖርት ማሰብ ግን ቢሮውን ሐይቅ ዳር ድረስ ይዞ መምጣት ነው፤ የምናደርገው አብዛኞቻችንም ይህንኑ ነው።

«የሌላ ሃይማኖት ነገር ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሥጋታቸውን አልንቀውም። ልምምዱ መነሻው የቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ መሆኑ እውነት ነው። በሆስፒታል የሚሰጠው ግን ትንፋሽንና ሐሳብን ከማስተዋል ያለፈ እምነት አይጠይቅም። በዘጌና በጣና ደሴቶች ገዳማት አጠገብ ለምንኖር ሰዎች፣ ዝም ብሎ ራስን መመልከት ባዕድ ነገር ሊሆንብን አይገባም። ጸሎቱንም ሶላቱንም አይተካም፤ የሚጸልየው ሰው ይጸልይ፣ የሚሰግደውም ይስገድ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህ ክልል ባለፉት ዓመታት ብዙ ኃላፊዎች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ ዘመድ ያጡ፣ የተፈናቀሉም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንደዚያ የሚሆንበት ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ መስኮት ላይ ወይም እጁ ላይ አተኩሮ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቢለማመድ ይሻለዋል፤ ካልተሻለውም ያቁመው። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ተስፋ መቁረጥ ከበረታ፣ የሚያስፈልገው የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንጂ የትንፋሽ ልምምድ አይደለም። ይህን የሚያስረዳ ባለሙያ የሌለበት ሥልጠና ባይሰጥ ይመረጣል።

ሥልጠና ካልሁ አይቀር፣ «የአመራር ውጥረት አያያዝ» ተብሎ በአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል በተካሄደ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ስለ እርጋታ የሚናገሩትን ስላይድ በሩጫ ያሳልፉታል፤ የተሳታፊው ስልክ ሁሉ ይጮኻል፤ አዘጋጁ ቢሮ ራሱ እዚያው አዳራሽ ለተቀመጥነው ሰዎች በቴሌግራም አስቸኳይ ሪፖርት ይጠይቀናል። ሻይና ቆሎው ጥሩ ነበር፤ አበሉም በሰዓቱ ተከፈለ። በማግሥቱ ግን ሁላችንም ወደ ነበርንበት ተመለስን። ትንፋሽ ያስተማረ መሥሪያ ቤት መተንፈሻ ጊዜ ካልሰጠ፣ ትርፉ ሠራተኛው መሸከም የማይገባውን በጸጥታ እንዲሸከም ማለማመድ ይሆናል።

ስለዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቀው ወጪ የሌለው ነገር ነው። ሕይወትን ከሚመለከት ጉዳይ በቀር ከሥራ ሰዓት ውጭ «በአስቸኳይ» የሚል መልእክት ለርዕሳነ መምህራን አይላክ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተጠየቀ ቁጥር እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቢቆይ የሚጎዳው ተማሪ የለም። አንድ ጊዜ የተላከ መረጃ በሌላ ቅጽ ዳግመኛ አይጠየቅ። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት በጉድኝት ማእከል በምናደርገው ስብሰባም ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት ስልክ ጠፍቶ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይሁን፤ ላረፉ ወገኖቻችን ቆመን የሕሊና ጸሎት ማድረግ የለመድን ሰዎች ነንና ለዚህ አሠልጣኝ አያስፈልገንም። ሱፐርቫይዘሮችም ትምህርት ቤት ሲመጡ ከመዝገቡ ጎን ለጎን ርዕሰ መምህሩን «እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም ለግምገማ ነጥብ አይጠቀሙበት። በመጪው መስከረም የሚደረገው የመጀመሪያው የርዕሳነ መምህራን ስብሰባ እነዚህን ሐሳቦች አንድ አጀንዳ አድርጎ ቢያያቸው፣ እኔም ተራዬን ጠብቄ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ርዕሰ መምህር፣ ባሕር ዳር