ምክራችሁ አንድ መስመር ጎድሎታል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ «ማሻሻያ በመጣ ዕለት ጫኑ፣ ነገ አትበሉ» ብላችሁ መክራችሁናል። አልቃወምም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማሠራት በሚያገለግለው የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ ላይ የታወቀው የደህንነት ቀዳዳ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ስለነበረ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመለት አምስት ዓመት ላለፈው አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቶለታል። ማሻሻል ቀልድ አይደለም። ግን ኮምፒውተሩ ሌላ ከተማ ያለ ሰውስ?

እኔ ደሴ ተቀምጬ የነጋዴ ሒሳብ እይዛለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ የሆኑት ሐጂ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ የእህል መጋዘን አላቸው፤ የመጋዘኑን ኮምፒውተር ማታ ማታ ከቤቴ በርቀት ገብቼ እሠራበታለሁ። ክፍሉ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከሐጂ ኪስ አይወጣም።

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ወሩን ለመዝጋት ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ የርቀት መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ራሱ አዲስ ስሪት እንዳለው ነገረኝ። አሮጌው ምንም አልጎደለውም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህ ነው፤ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ።

አዲሱ እንዲገባ አሮጌው መዘጋት አለበት። አሮጌው ደግሞ እኔ የገባሁበት በር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ «ገመዱን ቀይሩልኝ» እንደማለት ነው። አረንጓዴዋ መስመር ግማሽ ላይ ቆመች፣ በማዕዘኑ ያለው ሰዓት 9፡42 ላይ ደረቀ፣ ከዚያ ምስሉ ጠፋ። መቋረጡስ የሚጠበቅ ነበር። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ለዘበኛው ደወልኩ። «መብራት አለ ጋሼ፣ በመስኮቱ ብርሃኑ ይታየኛል» አለኝ። ኮምፒውተሩ አለ፤ የሌለሁት እኔ ነኝ።

ሐጂ አዲስ አበባ ስለነበሩ እስኪመለሱ ረቡዕ ከሰዓት ሆነ። በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም ነበር። ክፍሉ ሲከፈት በስክሪኑ መሃል አንዲት ትንሽ ሳጥን ቆማለች፦ «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው፤ እንደገና ልሞክር?» ሌሊቱን ሙሉ መልስ የሚሰጣት ሰው ስትጠብቅ አድራለች። የስንዴ አቧራ የለበሰውን የቁልፍ ሰሌዳ በእጄ ጠረግ አድርጌ አንዴ ተጫንኩ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ።

«ለዚህች ነው ከደሴ ድረስ የመጣኸው ልጄ?» አሉኝ ሐጂ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ በአንድ በር አልተማመንም። በሁለተኛው ገብቼ የመጀመሪያውን አሻሽላለሁ፤ ሁለተኛውም መሥራቱን አስቀድሜ እሞክራለሁ። የዊንዶውስ የራሱ የርቀት ዴስክቶፕ ለዚህ ይበቃል፤ ሆኖም «ሆም» የሚባለው እትም ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ስለማይቀበል «ፕሮ» ያስፈልጋል። እሱንም ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ መተው ሌላ ጣጣ ነው፤ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር ውስጥ ይሁን። ብዙ ፕሮግራሞች ምንም ሳይጠይቁ የሚጫኑበት መንገድም አላቸው፤ ያን ብጠቀም ኖሮ ያቺ ሳጥን ባልቆመች። የኔትወርክ ሰዎች ደግሞ ብልሆች ናቸው። ሩቅ ያለ ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኘውን መሣሪያ) ከመንካታቸው በፊት «ከ10 ደቂቃ በኋላ ራስህን አስነሳ» ብለው ያዙታል። የቀየሩት ነገር እነሱኑ ከዘጋባቸው፣ ለውጡን እስካላስቀመጡት ድረስ ራውተሩ ሲነሳ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከተሳካላቸው ትእዛዙን ይሰርዙታል።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ «ዛሬውኑ ጫኑ» ስትሉ፣ «ኮምፒውተሩ አጠገባችሁ ካልሆነ አስቀድማችሁ ሌላ መግቢያ አዘጋጁ» የምትል መስመር ጨምሩልን። የሐጂ ኮምፒውተር አሁንም አንድ ማሻሻያ ይጠብቃል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐጂ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሳለ እጭነዋለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከደሴ