የቀጥታ ካሜራውን ለምን ዘጋን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሰኞ፣ እናንተ ውጭ አገር ሆናችሁ እኛ የምንሠራላችሁን ቤት በቀጥታ ካሜራ ለማየት ስልካችሁን ከፍታችሁ ሳይታችሁን (የግንባታ ቦታችሁን) ስታጡት እንደተናደዳችሁ አውቃለሁ። መልእክታችን የደረሳችሁ እሁድ ማታ ነው። ቢያንስ ከሳምንት በፊት መንገር ነበረብን፤ ለዚህ ይቅርታ። ስርጭቱን ስለመዝጋታችን ግን ላስረዳችሁ እንጂ ይቅርታ አልጠይቅም።

ከደረሱኝ የድምፅ መልእክቶች አንዱ «የሚደብቁት ነገር ባይኖር አይዘጉትም ነበር» ይላል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር፣ አሞኛል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በስቶር ኪፐርነት ነው። ሲሚንቶ ሲገባ ቆጥሬ ሲወጣ አስፈርሜ ነው ያደግሁት። ፌሮ (የአርማታ ብረት) በሌሊት በቆርቆሮ አጥር ሥር ሲሾልክም አይቻለሁ። አክስቴ ጅዳ 11 ዓመት ለፍታ ለቤት የላከችው ገንዘብ ዘመድ እጅ ቀረ፤ ስትመለስ ያገኘችው መሠረትና ሣር ነው። ስለዚህ ስጋታችሁ እኔም ቤት ያደረ ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት መምጣት ሲያቅታችሁ ማንም ሳይጠይቀን፣ በራሳችን ወጪ ካሜራ የሰቀልነው ለዚሁ ነበር። አንዲት እናት ዋሽንግተን ሆነው የቤታቸው ኮለን (ምሰሶ) ሲቆም እያዩ በስልክ እልል ያሉት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ።

በክረምቱ ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከሥራ ገብታችሁ ካሜራውን ትከፍታላችሁ፤ ዘበኛው አይታይም፤ ፎርማኑ ጋ ይደወላል። ዘበኛው ሽንት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ስልክ በአንድ ሳምንት አራት ሌሊት ሲደወል ፎርማናችን ሥራውን ለቀቀ። ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው።

ሌላ ደንበኛ ደግሞ ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) በተሞላ ማግስት አንዲት ሴት ብቻዋን ውሃ ስታጠጣ አይተው «ገንዘቤን እየበላችሁ ትተኛላችሁ» አሉን። አርማታ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። እሷ ባታጠጣው ኖሮ ሶሌታው ይሰነጠቅ ነበር። ያን ቀን ከሁሉም በላይ ቁም ነገር የሠራችው እሷ ናት።

ልቤን የሰበረው ግን የመጨረሻው ነው። ምሳ በልታ አሸዋ ላይ ጋደም ያለች የቀን ሠራተኛችን ምስል ተቀርጾ ቲክቶክ ላይ ወጣ፣ ተሳቀባት። ጎረቤቶቿ አሳዩአት። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ሰምቻለሁ፤ ካሜራውን እንድዘጋ ያደረገኝ ግን አዋጁ አይደለም። የልጅቷ ፊት ነው።

ደግሞ እንነጋገር ካልን፣ ካሜራው ዋናውን ነገር አያይም። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ውስጡ ስንት ስታፋ (ፌሮውን አቅፎ የሚይዝ የብረት ቀለበት) እንዳለ ከአጥር ላይ ሆኖ ማን ይቆጥራል? C-25 ለሚባለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ የምንጠቀመው የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር 1፡2፡3 መጠን መጠበቁንስ? ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙሌት በፊት ፌሮው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይላክላችኋል። እናንተ «እሺ» ሳትሉ አይሞላም። ይህ ከቀጥታ ስርጭቱ አሥር እጥፍ ይሻላችኋል ብዬ አምናለሁ።

ወጪውንም አልደብቅም። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቀን ከሌት ሲልክ በቀን ከ21 ጊጋ ባይት በላይ ይበላል። በየሳይቱ 4 ካሜራ አለ። ሰፈሩ ገና ሰፈር ስላልሆነ ፋይበር የለውም፤ በሲም ካርድ ነው የምንሠራው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ምን ላይ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ያኔ በእጃችን የነበሩትን ሦስት ቤቶች በፈረምነው ዋጋ ነው ያስረከብነው። አንድ ብር አልጨመርንም። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም... ምናልባት ትንሽ ለመቁጠርም ይሆናል፤ ሰው ነኝ።

ካሜራዎቹ አልወረዱም። የበሩና የስቶሩ ቀን ከሌት ይቀርጻሉ፤ ቅጂው 30 ቀን ይቀመጣል። የምትፈልጉትን ቀን ንገሩን፣ እንልካለን። የቀጥታ ስርጭቱ በየቀኑ ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት ይከፈታል። ሪያድና ጅዳ ያላችሁ ሰዓታችሁ ከእኛው ጋር አንድ ነው። አሜሪካ ላላችሁት ጠዋት ላይ ይውላል፤ ለካሊፎርኒያዎች ሌሊት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእናንተ ቅጂውን በየማታው እንልካለን።

ውል እናፍርስ ያላችሁን ሁለት ደንበኞች በግል ደውዬላችኋለሁ። አላነሳችሁም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የአንዳችሁ የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ይሞላል። የፌሮው ፎቶ ዓርብ ይደርሳችኋል። እህትም ወንድምም ካለ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሄልሜትም አዘጋጅተናል። እኔም እዚያው ነኝ፣ ስልኬም አይዘጋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ