ሌንስሽ እኔ ጋ ነው

አንቺዬ፣

ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። አውቃለሁ። ስንቴ መጻፍ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት ብነግርሽ አታምኚኝም፤ ስለዚህ አልነግርሽም። ይቅርታ ብዬ ልለፈው? ይቅርታ። አለፍኩት። በኋላ በደንብ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ካሜራ ቀየርኩ።

ይኸው፣ ሳቅሽ እስከዚህ ይሰማኛል። «ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንጂ ካሜራ አይደለም» እያልኩ ያየሁትን ሁሉ ሳሰለች የኖርኩት እኔ ነኝ። አንቺ አዲስ ነገር ባማረሽ ቁጥር «ያለንን መቼ ጨረስነው?» ብዬ ውሃ የምቸልስብሽም እኔው ነበርኩ። አሁን ቃሌን ዋጥኩት። ደግሞ ጣፈጠኝ።

ውዱን እንዳይመስልሽ። የባለሙያዎቹ ሰፈር አልደረስኩም። መካከለኛ ነው፤ እንደኛ እሑድ እሑድ ለሚያነሳ ሰው የተሠራ። ሚረርለስ የሚሉት፣ መስታወት የሌለው። ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሶኒ ኤ6700ን አየሁ፣ ፉጂፊልም ኤክስ-ኤስ20ን አየሁ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ፣ ሁለቱም 26 ሜጋፒክስል። የፉጂው ቀለም ልቤን ወስዶት ነበር። ሌሊት ቁጥር ከቁጥር ሳወዳድር እንቅልፌን ጨረስኩ። በመጨረሻ ማን እንደወሰነልኝ ታውቂያለሽ? ያንቺ 50 ሚሊሜትር ሌንስ።

አዎ፣ እኔ ጋ ነው። እንዴት እኔ ጋ እንደቀረ ሁለታችንም እናውቃለን። ጎኑ ላይ በጥፍር ቀለም ያኖርሽው ቀይ ነጥብ አሁንም አለ፤ «የኔ መሆኑን እንዳትረሺው» ብለሽ። አልረሳሁትም። መመለሱን ነው የረሳሁት። የሌላ ድርጅት ካሜራ ብገዛ ሌንስሽ በወጉ አይሠራልኝም። የለመድነውን ብገዛ ግን አንዲት ቀለበት የምትመስል አዳፕተር መሃል ትገባለች፣ ፎከሱም ሳይቀር ይሠራል። ስለዚህ በሰው ሌንስ ልክ ካሜራ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ድፍረት ታይቶ ያውቃል?

ዝም ያልኩትም ግማሹ በሱ ነው። ብደውል «ሌንሴስ?» ትይኛለሽ ብዬ። ግማሹ ደግሞ... የእህቴ ሰርግ።

እዚህ ጋ ተነስቼ ቤቱን ዞሬ መጣሁ።

ያን ማታ ያልኩሽን አልደግመውም። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» ከሚለው በኋላ የመጣውን ማለቴ ነው። እህቴ ራሷ ምንም አላለችም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ሰው ፊት። አንቺ ካሜራዋን ከነሌንሱ እጄ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ፎቶዎቹን ታስታውሻቸዋለሽ፤ የሙሽራዋ አፍንጫ ጥርት፣ ዓይኗ ብዥ። እህቴ እስከዛሬ «የአፍንጫ አልበሜ» ትለዋለች።

በነገራችን ላይ ወልዳለች። ሴት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ቦታ አትቀመጥም።

እና አዲሱ ካሜራ በመጣ በማግስቱ ሌንስሽን ገጠምኩና ልጅቷን ላነሳት ተነሳሁ። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ 1.8 ድረስ ከፈትኩት፤ ከሰርጉ ማታ በቀር እኛ ፈርተን የማንነካውን። ካሜራው ዓይኗን ራሱ ፈልጎ አገኘና ትንሽ ሳጥን ለጠፈበት። ስትሮጥ ሳጥኑም አብሮ ይሮጣል። ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ሳየው ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የዓይኗ ብሌን ላይ መስኮታችን አለ፤ መስኮቱ አጠገብ ጎንበስ ያልኩት እኔ አለሁ። እልል ልል ስል ሆዴ ቦጭ አለ። ይኼ ያው ሌንስ አይደል እንዴ?

ማታ አሮጊቷን ካሜራችንን ከመሳቢያ አወጣኋት። ሌንስሽን መለስኩላት። ጠረጴዛ ላይ ሦስት የእጅ ባትሪ ድንጋይ በሰያፍ አቆምኩ፤ አንዱ ቀረብ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ራቅ ብሎ። እጅ እንዳይነካት መጻሕፍት ደርድሬ እነሱ ላይ አስቀመጥኳት። ፎከሱን መሃለኛው ላይ አደረግኩና ሰከንድ ቆጥራ ራሷ እንድታነሳ ተውኳት። አስር ጊዜ። አስሩንም ጊዜ ጥርት ብሎ የወጣው የፊተኛው ነው።

የማንም እጅ አልነበረም እኮ። አሮጊቷ ናት።

በኋላ ሳነብ ገባኝ። መስታወት ያላቸው ካሜራዎች በቪውፋይንደሩ፣ ዓይንሽን በምትለጥፊበት በላይኛዋ መስኮት፣ እያየሽ ስታነሺ ፎከስ የሚለኩት ፎቶውን በሚይዘው ሴንሰር አይደለም። ታች ሌላ መለኪያ አለ፣ ብርሃኑ ተጠልፎ ወደሱ ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች የፀጉር ታህል ከተዛነፉ ካሜራው «ጲጵ» ብሎ ያዝኩ ይልሻል፤ የያዘው ግን ሌላ ነው። የኛዋ ብቻ ጠባይ አይደለም፣ የዘር ነገር ነው። አፐርቸሩን ስታጠቢው ስህተቱ ይደበቃል፤ ለዚህ ነው እኛ ሳናውቀው የኖርነው። 1.8 ላይ ግን አንድ ሜትር ቀርበሽ ካነሳሽ ጥርት የሚለው ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ከአፍንጫ እስከ ዓይን በይው። ውድ የሆኑት ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አላቸው፤ የኛዋ የላትም። ሚረርለሱ የሚለካው እዚያው ሴንሰሩ ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ሌላም አለ። በስክሪኗ እያየሽ ካነሳሽ አሮጊቷም ትክክል ናት። ትዘገያለች እንጂ አትዋሽም። ሞከርኩት፤ መሃለኛው ጥርት አለ። ያን ቀን ደግሞ «በስክሪን ላንሳ» ብለሽኝ ነበር። «ተይ፣ እሱ የጀማሪ ነው» አልኩሽ። እኔ።

በደንብ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኼ ነው። ቃላት አሳምሬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልመጣልኝም። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ይቅር በይኝ።

እሺ። ስለ ካሜራው ትንሽ ልቀጥል፤ አንቺም መስማት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፣ ብትናደጂም። ሜጋፒክስሉ ከ18 ወደ 32 ዘለለ ብዬ ስጎርር ነበር። ሳሰላው ፎቶው በጎን የሰፋው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ለዚያ ብለሽ እንዳትገዢ። በሰከንድ 15 ፎቶ ያነሳል፤ አሮጊቷ አራት አትሞላም። ይኼ በረከት ይመስላል። የመጀመሪያው እሑድ 1,400 ፎቶ ይዤ ተመለስኩ፤ 1,390ው አንድ እርግብ ነው። የሮው ፋይሉን፣ ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፎቶ፣ ደግሞ ኮምፒውተሬ አላውቀውም አለኝ። ፕሮግራሙን እስካድስ ድረስ ሦስት ቀን በካሜራው ስክሪን ነው ያየሁት።

ማረጋጊያው ግን! ሴንሰሩ ራሱ ተንሳፍፎ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ያካክሳል። ማጥፋትም ይቻላል። አጥፍቼ በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ አነሳሁ፤ ሁሉም የተንጋደደ ጭስ። በማን እጅ እንደሆነ አንባቢዋ ትገምት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አንድ ሰው አሮጊቷን ሽጪልኝ እያለኝ ነው። ግማሿ ያንቺ ናት። እንቢ ብዬዋለሁ፤ ማለቴ... ጓደኛዬን ልጠይቅ ብዬዋለሁ። ብትፈልጊያት ጠርጌ፣ ሁለቱንም ባትሪ ሞልቼ እሰጥሻለሁ። በስክሪን ነው የምታነሺው፣ ማንም ምንም አይልሽም። ሌንሱንም እመልሳለሁ። ወይም ደግሞ አንድ ቀን ይዤው ልምጣና አንቺ በአዲሱ የእህቴን ልጅ አንሺያት። እናቷ አንቺን ነው የምትጠይቀው፣ «ያቺ ጓደኛሽ የት ገባች?» እያለች። ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ በዝቶብሻል።

ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለበትም። ክዳኑ ግን ጠፍቶብኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ።

ያንቺው